የጠላት ቁር በክርስቲያን ቤት

ባለፈው ሳምንት ከጉባኤ በኋላ አንድ ወጣት ቀረት ብሎ ጠበቀኝና በፌስታል የያዘውን ዕቃ አወጣ። የዛገ የወታደር የብረት ቆብ ነው። እዚሁ ሻሸመኔ ከቁራሌ ገዝቶታል፤ ሻጩም «የጀርመን ነው» ብሎታል። ልጁ በውጭ አገር የጀርመን የጦር ቆቦችን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀሙ የሚሰበስቡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቷል፤ እሱም ሊጀምር አስቧል። እናቱ ግን «የሞተ ሰው ዕቃ ቤቴ አይገባም» ብለው ደጅ አስቀርተውበታል። «መምህር፣ ኃጢአት ነው?» አለኝ።

በአንድ ቃል መልሼ ብሸኘው ይቀለኝ ነበር። የእናቱ ፍርሃትም የልጁ ጉጉትም ከንቱ ስላልሆነ ግን የዛሬውን ትምህርት ለዚህ ጥያቄ ሰጥቼዋለሁ።

ዕቃውን ሳናውቅ አንፍረድበት። የጀርመን የብረት ቆብ ቅርጹ ይለያል። በ1916 እ.ኤ.አ. በቬርደን ጦርነት ጊዜ የወጣው፣ የሐኖቨሩ ፍሪድሪሽ ሽቨርት የነደፈው ቆብ ጆሮንና ማጅራትን ወርዶ ይከልላል። በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው አነስ ያለ ሞዴልም ያንኑ መልክ ይዟል፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ የአየር ቀዳዳ አለው፤ ከውስጥ ደግሞ የፋብሪካው ፊደልና የልኩ ቁጥር ተመትቶበታል። የልጁ ቆብ እንዲህ አይደለም። ድፍን ክብ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ ከጎን አንዱ ከኋላ። የኢጣሊያ የ1933 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። ቁራሌው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ የጀርመን ቆብ ምን እንደሚመስል ላያውቅ ይችላልና። በእኛ አገር ከጀርመን የመጣ ብረት ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው የኢፋ መኪናን ነው እንጂ የጦር ቆብን አይደለም።

የኢጣሊያ ቆብ እዚህ መገኘቱ አይግረማችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የኢጣሊያ ጦር በሐይቆቹ አካባቢ ገና እየተዋጋ ነበር። ሻሸመኔ ነፃ የወጣችው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ግንቦት 6 ቀን ነው። ግንቦት 11 ደግሞ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ አላባ ቁሊቶ ላይ፣ የኬንያው ሳጅን ናይጄል ሊኪ በጠላት ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ሲዋጋ ወደቀ። እንግሊዞች ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያቸውን ሰጡት፤ መቃብሩ ግን አይታወቅም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንሂድ። ጎልያድ በራሱ ላይ የናስ ቁር ደፍቶ ነበር። ሳኦልም ለዳዊት የራሱን የናስ ቁር ደፋለት፤ ዳዊት ግን አልለመድሁትም ብሎ አወለቀው። እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪዎች ያቆማሉ፤ «ዳዊት ብረት ናቀ» ብለው ያልፋሉ። ታሪኩ ግን አልተፈጸመም። ዳዊት የጎልያድን መሣሪያ በድንኳኑ አኖረ። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 ደግሞ ሰይፉን የምናገኘው በኖብ፣ በእግዚአብሔር ቤት፣ ከኤፉዱ በስተኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። የጠላት ሰይፍ! እግዚአብሔርን የተገዳደረ ሰው የታጠቀው! ካህናቱ አላቀለጡትም፣ አልቀበሩትም። ነገር ግን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለመጪው ለሄጂው አላሳዩትም።

በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 31 ፍልስጥኤማውያን በተራቸው የሳኦልን የጦር ዕቃ በአስታሮት ቤት አኖሩ። አንደኛው ሕዝብ ሰይፍ አስቀመጠ፣ ሁለተኛውም የጦር ዕቃ አስቀመጠ። በውጭ ሲታይ አንድ ሥራ ነው። ልዩነቱ ዕቃው የተቀመጠው ለማን ክብር እንደሆነ ነው፤ በኖብ ላዳነው አምላክ፣ በአስታሮት ቤት ለጣዖትና ለድል አድራጊው ትምክህት።

ሦስተኛው መንገድ የጌዴዎን ነው፤ ለሰብሳቢ የሚያሰጋው ይህ ይመስለኛል። ጌዴዎን ከምድያም ምርኮ የወርቅ ጉትቻ ለምኖ ኤፉድ አሠራ። ጣዖት ላቁም አላለም፤ ንገሥልን ሲሉትም እምቢ ያለ ሰው ነበር። ሆኖም እስራኤል ያንን ኤፉድ ተከትለው ሳቱ፤ ለራሱም ለቤቱም ወጥመድ ሆነበት። ቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮ ስግደትን ከአክብሮት ስግደት ለይታ የምታስተምረው ስለዚህ ነው። መስቀል የመግደያ እንጨት ነበር፤ ዛሬ የምንሳለመው ስለ ተሰቀለበት ጌታ ነው እንጂ ስለ እንጨቱ አይደለም። ቁሳቁስ በራሱ ርኩስ አይደለም፤ እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ መልካም እንደሆነ አይቷል። በአንዳንድ የገጠር ደብር የመድፍ ቀለህ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ደወል ሆኖ ያገለግላል፤ ሰውን የገደለ ናስ ሰውን ወደ ቅዳሴ ይጠራል።

«ምልክቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። በጀርመን ቆብ ላይ የናዚ ንስርና ስዋስቲካ ይገኛል፤ የውጭ ሰብሳቢዎች ከብረቱ ይልቅ ለዚያ ምልክት ዋጋ ይከፍላሉ። የሚደንቀው በላሊበላ በቤተ ማርያም መስኮት ላይም ያው ቅርጽ ከሌሎች የመስቀል ቅርጾች ጋር ተፈልፍሎ ይታያል፤ ከናዚ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ። ቅርጹ አንድ ሲሆን ምልክትነቱ ሁለት ነው። የቆቡ ምልክት ሰውን በዘሩ መዝኖ ሚሊዮኖችን ያስፈጀ ሥርዓት ማኅተም ስለሆነ፣ ወድዶ ምልክቱን ወደ ጎዳና የሚያዞረው ሰው «እኔ ታሪክ ነው የምሰበስበው» ብሎ አያመልጥም።

ብረት ደግሞ ወዳጅነት አያውቅም። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሂትለር ለኢትዮጵያ በምስጢር ሦስት ሚሊዮን ማርክ የሚያወጣ መሣሪያ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ከዚያ ውስጥ 10,000 ማውዘር ጠመንጃ ነበረበት። የጀርመን ምልክቱ ተነሥቶለት ነው የመጣው። ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ተጠምዶ ከኦስትሪያ እጁን እንዲያነሣ እንጂ ለእኛ አዝኖ አልነበረም። በ1936 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ ያችው ጀርመን ለኢጣሊያ የኢትዮጵያ ግዛት ዕውቅና ሰጠች። ዛሬ ሰብሳቢ ሁሉ ማኅተም ይፈልጋል፤ ለእኛ ሠራዊት የተላከው ግን ማኅተሙ የተፋቀው ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኋችሁ። መጽሐፈ ጦቢት ጦቢት የወገኖቹን አስከሬን እየሰረቀ ይቀብር እንደነበር ይነግረናል፤ እንጀራው ቀርቦለት ሳለ ትቶ የሚነሣ ሰው ነበር። ከቁሊቶ እስከ ሻሸመኔ ባለው ሜዳ መቃብሩ ያልታወቀ ስንት ሰው እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ኬንያዊው፣ ኢጣሊያዊው፣ በባንዳነት የተሰለፈውም የእኛው ወንድም። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ቆብ ሌላ ነው፤ አካፋ ይዞ አጥንት ካለበት ቆፍሮ ማውጣት ሌላ። ይህን ሁለተኛውን አልፈቅድም። ያልፈነዳ ቦምብም ከመሬት በታች ዘመን አይቆጥርም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳያወጣ ያዛል፤ እርሱን የሻረ «ለቄሳር የሚገባውን» እያለ አይጥቀስብኝ።

ስለ ሽያጩ ብዙ አልናገርም። በአሮጌ ብረት ላይ አዲስ ምልክት ለጥፎ፣ ቀብቶ፣ አዝጎ በውድ የሚሸጥ በዓለም ሁሉ ሞልቷል። ይህ በሐሰት መመስከር ነው፤ ትእዛዙ ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን ቆብ ላይም ይሠራል። ልጁ «የጀርመን» ተብሎ የገዛውን «የጀርመን» ብሎ ሊሸጠው አይችልም፤ አሁን ያውቃልና።

አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ዳዊት ግን የጎልያድን ሰይፍ ከኖብ ወስዶ መልሶ ታጠቀው» ቢለኝ ልክ ነው። ያን ቀን ዶይቅ ኤዶማዊው በዚያ ቆሞ ያይ ነበር፤ በምዕራፍ 22 የኖብ ካህናት በእጁ ታረዱ። መጽሐፉ የሞታቸው ምክንያት ሰይፉ ነው ብሎ አይፈርድም፤ ሳኦል በዳዊት ላይ የነበረው ቅናት እንደሆነ ግልጽ ነው። እኔ ግን ሰይፉ ከጨርቁ የወጣበትን ገጽ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይፈራል።

ልጁን ከእናቱ ጋር አነጋገርኋቸው። ከሥዕለ አድኅኖ በታች እንዳይቀመጥ፣ ሕፃን ደፍቶት እንዳይጫወት፣ ማን እንዳደረገውና ለምን ወደዚህ እንደመጣ የሚገልጽ ወረቀት ከውስጡ እንዲኖር ተስማማን። እናቱ ቆቡን አገላብጠው አዩት፤ ከግራ ቀዳዳው አጠገብ ፋብሪካ ያልሠራው ሌላ ቀዳዳ አለ። «ይኸም እናት ነበረችው» አሉና ገብተው አሮጌ ነጠላ ይዘው ወጡ።