የመረብ ዓይን ማስፋት ለምን አልበቃም?

ዓሣን ከጥፋት ለመጠበቅ ምን ይደረግ ሲባል፣ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ «የመረቡ ዓይን ይስፋ» የሚል ነው፤ ትንንሾቹ ያመልጣሉ፣ አድገውም ይራባሉ። ጣና ሐይቅ ግን ይህ መልስ ግማሽ ብቻ መሆኑን አሳይቶናል።

በጣና ላቤኦባርበስ የተባለ የዓሣ ወገን ይኖራል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ስለለየው፣ በሐይቁ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ግማሽ ያህሉ በነሐሴና በመስከረም እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ጠጠራማና ንጹሕ ውኃ ወዳለባቸው ጅረቶች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዙ አፍ የተዘረጋ መረብ፣ ዓይኑ ቢሰፋም፣ የሚይዘው እንቁላል የተሸከመችውን እናት ነው። እንዲያውም ሰፊ ዓይን የሚመርጠው እሷን ነው!

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በ75 በመቶ ያህል አሽቆለቆለ። ቆሮሶ እንዲህ አልተጎዳም፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ በዳርቻውም ተበታትኖ ስለሚራባ አንድ መረብ ሁሉን አይጠርግም።

ስለዚህ ለላቤኦባርበስ የሚያስፈልገው የወንዞቹን አፍ በእነዚያ ሳምንታት መዝጋት ነው። ዓሣ አጥማጁ በዚያ ወቅት ቆሮሶ ወደሚገኝበት ስፍራ ሊዞር ይችላል፤ በእርግጥ ገቢው በዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይቀንሳል። ሆኖም ጠጠሩና አሸዋው ከጅረቶቹ ከተዛቀ፣ በመረብ ያልተያዘችው እናትም እንቁላሏን የምትጥልበት አታገኝም።