ደጁን ማወቅ፦ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ድጋፍና ጥብቅና የት ይገኛል?



አንድ መምህር ተመድቦ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ሲሄድ በመጀመሪያ ከሚረከባቸው ወረቀቶች አንዱ የተማሪዎች ስም ዝርዝር ነው። በዚያ ዝርዝር ላይ ስማቸው ያልሰፈረ ልጆች እንዳሉ የሚነግረው ግን እምብዛም የለም። ከቤት የማይወጡ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገቡ፣ «እሱ እንኳ አይማርም» ተብለው የተተዉ ልጆች በየቀበሌው አሉ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እነርሱ ነው። ይኸውም በመስቃንና በአካባቢው ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን ድጋፍ በየትኛው በር እንደሚገኝና በሩ ሲዘጋ እንዴት እንደሚጠየቅ እንመለከታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንያዝ። ድጋፍ ጨርሶ የለም ማለት ትክክል አይደለም፤ ሞልቷል ማለትም ውሸት ነው። ያለው ጥቂት ነው፤ እሱም ተበታትኗል። ሕክምናው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርቱ በሌላ፣ ክራንቹና ተሽከርካሪ ወንበሩ በሦስተኛ፣ መብት የሚያስከብረው ደግሞ በአራተኛ። ልጁን ከእነዚህ ጋር የሚያገናኝ ሰው ከሌለ ሁሉም እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ታዲያ በየቀበሌው ማመልከቻ የሚያረቅ፣ ወላጅ የሚያምነው፣ ልጁንም በየቀኑ ሊያይ የሚችል ሰው ማን ነው? መምህሩ ነው።

፩. መጀመሪያ ማግኘት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከዓለም ሕዝብ 16 ከመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከ6 ሰዎች አንዱ፣ ጉልህ የሆነ የአካል ጉዳት አለበት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የአገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተመዘገበው ግን 1 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር። ከሌላው ዓለም ይልቅ እኛ ጤነኞች ሆነን ነው? አይደለም። በአንድ በኩል የአጠያየቁ ሥርዓት ይለያያል። በሌላ በኩል ደግሞ ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ «በቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል «የለም» ማለት ይቀላል።

ስለዚህ ነገር የቡታጅራ አካባቢ ጥሩ ትምህርት ሰጥቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም አቋቋመ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመምን ለማጥናት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ሕመሙ ከተገኘባቸው መካከል አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ሰዎቹ እዚያው ከጎረቤት ነበሩ፤ የጠየቃቸው ነበር የጠፋው። ከዚያም በኋላ በአጎራባቹ ሶዶ ወረዳ ሌላ ጥናት ተደረገ። የማኅበረሰብ ሠራተኞች እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ቤተሰቡንና አካባቢውን አስተባብረው ሲደግፉ፣ ሰዎቹ የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት ችለዋል። የዚህ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። የተደበቀን ልጅ ለማግኘት ቤት ለቤት መሄድና የሚታመኑ ሰዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል። የዕድር ዳኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ አባቶች የትኛው ቤት ምን እንዳለ ያውቃሉ። በመስቀልና በአረፋ ዘመዱ ሁሉ ከአዲስ አበባና ከሌላ ከተማ ወደ አገሩ ይገባል፤ ስለ ልጁ ለመነጋገርና የወጪ መዋጮ ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

በክፍል ውስጥም ቢሆን ያልታወቀ ጉዳት አለ። «ሰነፍ» የተባለው ልጅ ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፤ «ልበ ቢስ» የተባለችው ድምፅ አይሰማት ይሆናል። ልጁን 6 ሜትር ርቆ አንዱን ዓይኑን ሸፍኖ የመምህሩን ጣቶች እንዲቆጥር ማድረግ፣ ከዚያም በሌላው ዓይን መድገም ይቻላል። መቁጠር ካቃተው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቆጥሮም ቢሆን ሰሌዳውን ማንበብ ከተቸገረ እንደዚሁ። ለጆሮ ደግሞ ከኋላ ሆኖ በመደበኛ ድምፅ ስም መጥራት ነው። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ለሐኪም የሚልክ ምልክት ነው።

፪. ደጆቹ በየተራ

ሀ. የጤና ደጅ። ጉዞው የሚጀምረው ከጤና ኬላ ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ቡታጅራ ሆስፒታል ይኬዳል። ወረቀቱን ሳይዙ መሄድ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ማባከን ነው። ለዓይን ሕመም፣ በተለይም ለሞራ ግርዶሽና ለዓይን ማዝ (ትራኮማ) ቀዶ ሕክምና፣ ግራርቤት ተሐድሶ ማኅበር በቡታጅራ ያቋቋመው የዓይን ሆስፒታል ለብዙ ሰው ደርሷል። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆኑም ይጠየቅ። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ የቀበሌው ምልመላ በሚካሄድበት ጊዜ የልጁ ቤተሰብ እንዳይዘለል መከታተል ያሻል።

ለ. የትምህርት ደጅ። በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርትን ጉዳይ የሚይዘው ማን እንደሆነ ገና በተመደባችሁ በመጀመሪያው ወር ጠይቁ። በተመረጡ ትምህርት ቤቶች የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከላት ተቋቁመዋል፤ ለእናንተ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል። ራቅ ሲልም መስማት ለተሳናቸው የሆሳዕናው ትምህርት ቤት፣ ማየት ለተሳናቸው የሰበታና የሻሸመኔ ትምህርት ቤቶች ይታወቃሉ። ይሁን እንጂ ትንሽ ልጅን ከእናቱ ነጥሎ ሩቅ መላክ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ምርጫ አይደለም።

ሐ. የማኅበራዊ ጉዳይ ደጅ። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩን የያዘው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፤ በዞንና በወረዳም ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ጽሕፈት ቤት አለ። የአካል ጉዳተኞች ምዝገባ፣ የተሽከርካሪ ወንበርና የክራንች ጥያቄ፣ የመሸኛ ደብዳቤ እዚህ ይቀርባል። ለሰው ሠራሽ እግርና ለድጋፍ ብረት የአዲስ አበባና የአርባ ምንጭ ማዕከላት ይጠቀሳሉ፤ የመናገሻው ቼሻየርም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን በመርዳት የታወቀ ነው።

አድራሻን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ድረስ የመስቃን ጉዳይ ከወረዳ ሲያልፍ ወደ ዞኑ ከተማ ወልቂጤ፣ ከዚያም ወደ ሐዋሳ ይሄድ ነበር። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። መስቃን በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሥር ነው፤ የዞኑም መቀመጫ ቡታጅራ ናት። የክልሉ ርእሰ ከተማ ሆሳዕና ስትሆን ቢሮዎቹ ግን በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለዋል። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ እንደሆነች ቀጥላለች። ስለዚህ ቸሃ ወይም እዣ የተመደበ መምህር ወደ ወልቂጤ፣ መስቃን የተመደበ ወደ ቡታጅራ ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ገበሬ በአሮጌ አድራሻ ልጁን አዝሎ እንዳይንከራተት ይህን ማወቅ ቀላል ውለታ አይደለም።

፫. ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወላጅ ወደ ቢሮ የሚገባው አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ምጽዋት ጠያቂ ነው። የሚጠይቀው ግን መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ጭምር መግቢያ እንዲኖራቸው ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ በሥራ ቅጥር አድልዎን ይከለክላል፤ አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛም የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ማቅረብ እንደሚችል ይገልጻል። ይህ የመጨረሻው ለእኛም ለመምህራን ይመለከታል፤ በመካከላችን አካል ጉዳተኛ ሠልጣኞች አሉና።

«አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ የብዙ ጽሕፈት ቤቶች መሸሸጊያ ሆኗል። «በጀት የለም» ሲባል ተከታዩ ጥያቄ «ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝልናል ወይ? ካልተያዘስ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን» መሆን አለበት።

፬. ጥብቅና፦ የብቻ ልመናና የጋራ ጥያቄ

አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ «እሺ፣ ነገ ተመለሽ» ትባላለች። አሥር ወላጆች አንድ ማመልከቻ ፈርመው ሲመጡ ግን ወንበር ይቀርብላቸዋል። ጥብቅና ማለት ይኸው ነው።

ለዚህ አርአያ የሚሆኑ ማኅበራት ከጥንት አሉን። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረቱ ናቸው። የአካል ጉዳተኛ ሴቶች፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎችም የየራሳቸው ማኅበር አላቸው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የማኅበራቱ ፌዴሬሽን አለ። በወረዳችሁ ቅርንጫፍ መኖሩን ከማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ከሌለ ወላጆችን ማሰባሰብ ይቻላል። የዚህ አገር ሕዝብ መንገዱን በመዋጮ ያወጣ ሕዝብ ነው፤ ዕድር ማቆም የሚያስተምረውም አያስፈልገውም።

ማመልከቻ ሲጻፍ እነዚህ አይዘንጉ፦ የሚጠየቀው ነገር አንድና ግልጽ ይሁን፤ ቀን ይጻፍበት፤ የሐኪም ማስረጃ ይያያዝ፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይያዝ፤ ቅጂው በቤተሰቡ እጅ ይቅር። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ «አልደረሰንም» ለመባል የተዘጋጀ ነው። መልስ ከጠፋ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይኬዳል። ለአስተዳደር በደል የእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ለመብት ጥሰት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ።

፭. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» እንዲሉ፣ መምህሩ በክፍል የተናገረው ቃል መንደሩን ይዞራል። «ደንቆሮ»፣ «ዕውሩ»፣ «ሽባው» እያሉ መጥራት ይቅር፤ ሁሉም ስም አላቸው። ሁለተኛ፣ የማትችሉትን ተስፋ አትስጡ። «ዊልቸር አመጣልሃለሁ» ብሎ መቅረት ጨርሶ ካለመናገር ይከፋል። ሦስተኛ፣ ልጁን ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ፎቶ እያነሡ ማዞር ክብሩን መግፈፍ ነው። አራተኛ፣ ስለ ልጁ ስትነጋገሩ ልጁን ራሱን ጠይቁ፤ ስለ እርሱ የሚወሰነውን መስማት ይገባዋል።

፮. ምሳሌ

አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ከቤት ሳትወጣ አደገች እንበል፤ አትሰማም፤ አትናገርም። መምህሯ ምን ታድርግ?

መጀመሪያ ቤቷ ትሂድ፤ ከእናትየዋ ጋር ቡና ትጠጣ፤ ቶሎ ወደ ጉዳዩ አትግባ። ቀጥሎ ልጅቷ ጤና ጣቢያ ትታይ፤ በጆሮ መመርቀዝ ወይም በኩክ መደፈን የመጣ ከሆነ ሊረዳ የሚችል ሕክምና አለ። የማትሰማ መሆኗ ከተረጋገጠ ግን ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው። የሚሰማ ልጅ ቋንቋን ከአየር ላይ ይለቅማል፤ እርሷ ግን የምልክት ቋንቋ የሚያሳያት ካላገኘች ያለ አንዳች ቋንቋ ታድጋለች። ቋንቋ በልጅነት ካልተያዘ በኋላ የሚተካው ከባድ ነው። «ትንሽ ትደግ» የሚለው ምክር ስለዚህ ደግነት ይመስላል እንጂ ጉዳት ነው።

ስለሆነም መምህሯ በዚያው ሳምንት ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ታስገባ፤ በአቅራቢያ የድጋፍ መስጫ ማዕከል መኖሩን ታጣራ፤ ሆሳዕናም ትጠይቅ፤ መስማት የተሳናቸውን ማኅበር ታገናኝ፤ በቀበሌው ሌላ የማይሰማ ልጅ ካለ ሁለቱን ታስተዋውቅ። ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ከነቀኑና ከመዝገብ ቁጥሩ ትጻፍ። እርሷ ብትዛወር እንኳ ተተኪው መምህር ከዚያ ይቀጥላልና።

የመልመጃ ጥያቄዎች

፩. በመጣችሁበት ቀበሌ ከትምህርት ቤት የቀሩ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ለማግኘት መጀመሪያ የምትጠይቁት ማንን ነው? ለምን?

፪. ከትውልድ ቀበሌያችሁ እስከ ዞን ድረስ ያሉትን የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ጉዳይ ደጆች በሥዕል አሳዩ።

፫. ለትምህርት ቤት መወጣጫ ራምፕ እንዲሠራ የሚጠይቅ አጭር ማመልከቻ ከሕጉ ጋር አገናዝባችሁ ጻፉ።

፬. ይህ የምንማርበት ግቢ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሠልጣኝ ያለ ሰው እርዳታ ከመኝታ ክፍል እስከ ቤተ መጻሕፍት ሊደርስበት ይችላልን? ዞራችሁ ተመልከቱና መልሱን በሚቀጥለው ዕትም እዚሁ ግድግዳ ላይ አስነብቡን።