ውኃው ይቅደም
ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ስለ ማኖር የተሰጠ ትምህርት

በጋምቤላ ክልል በጀዊ የሚኖር ልጅ ዓሣን በመረብና በድስት ያውቀዋል። ነገር ግን ዓሣ በውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ፥ እንዴትም ልጆቹን እንደሚጠብቅ አያይም፤ ባሮ በክረምት ሲደፈርስ ሁሉን ይሸፍናልና። ስለዚህ በትምህርት ቤት አንድ የመስተዋት ገንዳ ቢኖር መጽሐፍ የማያሳየውን ያሳያል።

ለጀማሪ የሚስማማው ዓሣ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ሊቃውንት ሲክሊድ ከሚሉት ወገን ነው፤ የዚህም ወገን ዓይነቱ ከ1000 ይበልጣል። በውጭ አገር ስለ ውበታቸው የሚያኖሯቸው የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊዶች ኖራ ያለበት ውኃ ይሻሉ፤ ቆሮሶ ግን ለባሮ ውኃ እንግዳ አይደለም። ሊኔየስ የተባለ የስዊድን ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1758 ዓመት በዓባይ ስም ሰየመው፤ ባሮም በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይገባልና ስሙ ለዚህ አገር ይስማማዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው። ከዓሣ እድፍና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በወንዝ መርዙ ይበተናል፤ በገንዳ ግን ይጠራቀማል። በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን በጠጠርና በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይህን መርዝ በየደረጃው ጉዳቱ ወደ ቀለለ ነገር ይለውጡታል። እነርሱም እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ዓሣ ሳይገባ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ ብቻ ይጣልበታል። በመጀመሪያው ቀን ቸኩሎ ዓሣ የሚያስገባ መምህር፥ ጥቂት ቈይቶ ለሕፃናት የሚያሳየው የሞተ ዓሣ ነው። በሥነ ፍጥረትም ውኃ በዕለተ እሑድ ቀደመ፥ ዓሣ በዕለተ ሐሙስ ተከተለ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ቦታ። ርዝመቱ 100፥ ወርዱ 40፥ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 160 ሊትር ይይዛል፤ የውኃው ክብደትም 160 ኪሎ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው የጠነከረ ይሁን። በደጋ ውኃውን ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ በጋምቤላ ግን የሚያሰጋው ሙቀት ነው፤ የሞቀ ውኃ አየርን አሳንሶ ይይዛልና። ገንዳው ፀሐይ በማይመታው ጥላ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፤ ድንጋይ። ቆሮሶ አሸዋ ይቆፍራል። ድንጋዩ በአሸዋ ላይ ቢቀመጥ ተንዶ መስተዋቱን ይሰብራል። ስለዚህ ድንጋዩ አስቀድሞ በገንዳው ወለል ይደላደል፤ የታጠበው አሸዋ ኋላ ይፍሰስ።

ሦስተኛ፤ ውኃ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ አንድ ቀን ይደር። ኤሌክትሪክ ካለ አየር የሚነፋ መሣሪያ ይግባ፤ ከሌለ የዓሣው ቁጥር ከ2 አይለፍ።

አራተኛ፤ ዓሣ። ጣት የሚያህሉ 4 ጫጩቶች ይበቃሉ። በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱት ምግብ ብቻ ይሰጣቸው፤ በየሳምንቱም የውኃው ሩብ ይለወጥ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ቢከፍቱ አየር አጥሯቸዋልና ውኃው ወዲያው ይለወጥ።

ቆሮሶ በጎለመሰ ጊዜ ወንዱ በአሸዋ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እናቲቱም እንቁላሏን በአፏ ሰብስባ፥ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ በዚያው ትጠብቃቸዋለች። በዚያም ወራት መብል ማለት ይቻላል አትቀምስም። ይህን ያየ ልጅ እናቲቱን በመረብ ሲያገኛት ሊራራላት ይችላል።

በመጨረሻም ማስጠንቀቂያ። ለገንዳው ትልቅ የሆነ ዓሣ ለምግብ ይዋል እንጂ ወደ ሌላ ኩሬ ወይም ሐይቅ አይጣል። በ1950ዎቹ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናይል ፐርች የተባለው አዳኝ ዓሣ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ፤ ከዚያም በኋላ በመቶ የሚቈጠሩ የሲክሊድ ዓይነቶች ጠፉ። የአንድ ባልዲ ነገር ሐይቅ ያጠፋል።

ጥያቄ።
1. ውኃው ዓሣውን መቅደም ያለበት ስለ ምንድን ነው?
2. ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 30፥ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ስንት ሊትር ይይዛል?
3. ድንጋዩ ከአሸዋው በፊት የሚቀመጠው ስለ ምንድን ነው?