ፈያታዊ ዘየማን ሳይጠመቅ ገነት መግባቱ

ወደ ጎልጎታ ደረጃውን የሚወጣ ተሳላሚ በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ማሰቡ አይቀርም። ፈያታዊ ዘየማን በውኃ አልተጠመቀም፤ ሆኖም በዚያው ዕለት ገነት እንደሚገባ ከጌታ አንደበት ሰምቷል። ያው ጌታ ደግሞ ከውኃና ከመንፈስ ዳግመኛ ሳይወለዱ መንግሥቱን መውረስ እንደማይቻል ለኒቆዲሞስ አስተምሮታል። ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ?

ጥያቄው በኢየሩሳሌም የቆየ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቅዱስ ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም በዚሁ በጎልጎታ ስፍራ ለንዑሳነ ክርስቲያን ሲያስተምር፣ ከሰማዕታት በቀር ሳይጠመቅ የሚድን እንደሌለ ገልጿል፤ ሰማዕታት በውኃ ፈንታ በገዛ ደማቸው ይጠመቃሉና። ከእርሱ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የቅርጣግናው ቅዱስ ቆጵርያኖስ ስለ ደም ጥምቀት ሲጽፍ ፈያታዊንም አንሥቷል። ከጌታ ጎን የፈሰሰው ውኃ ተረጭቶበት ተጠምቋል ያሉ የጥንት መምህራንም አሉ።

የከበደው ክርክር ግን ሰማዕት ሳይሆን፣ ጥምቀትን እየተመኘ በድንገት ስለ ሞተ ሰው የተነሣው ነው። እ.ኤ.አ. በ392 ወጣቱ የሮም ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቫሌንቲንያኖስ ያጠምቀው ዘንድ የሚላኑን ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ አምብሮስዮስን አስጠርቶ ሳለ፣ አባቱ ሳይደርሱለት ሞተ። እኅቶቹ ጥምቀትን ሳያገኝ በመቅረቱ እጅግ አዘኑ። ቅዱስ አምብሮስዮስም በቀብሩ ላይ ሲናገር፣ የለመነውን ጸጋ እንዳገኘ ገልጦ አጽናናቸው። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ግን ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በቍስጥንጥንያ ሲሰብክ፣ ጥምቀትን መሻት ብቻውን እንደ መጠመቅ እንደማይቆጠር አጥብቆ አስተምሯል።

የአባቶች ቃል የተለያየው ሰሚዎቻቸው ስለ ተለያዩ ጭምር ነው። በአምብሮስዮስ ፊት የነበሩት ሐዘንተኞች ናቸው። በጎርጎርዮስ ፊት የቆሙት ግን በጤና ሳሉ ነገን የሚቀጥሩ ነበሩ። ጥምቀትን እስከ ሞት አልጋ ማዘግየት የዘመኑ ልማድ ነበርና፤ አውሳብዮስ እንደ ጻፈው ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ራሱ የተጠመቀው በ337 ሊሞት ሲቃረብ ነው። ለሐዘንተኛ የተነገረ መጽናኛ ለዘገየ ሰው ማመካኛ ሊሆን አይገባም።

ፈያታዊም ቢሆን አልዘገየም፤ ጌታን ባወቀባት በዚያች ሰዓት አመነ፣ ከመስቀል ወርዶ ውኃ ለመፈለግም አልተቻለውም። ውኃውም ካህኑም በአጠገቡ ያለ ሰው የእርሱን ስም መጠጊያ ማድረግ አይችልም። በቂሣርያ በቆርኔሌዎስ ቤት ለነበሩት መንፈስ ቅዱስ ከወረደላቸው በኋላ እንኳ ቅዱስ ጴጥሮስ ውኃውን አልተወም፤ እንዲጠመቁ አዘዘ። ትእዛዙ የሚያስረው ሰውን እንጂ እግዚአብሔርን አይደለም።

በዮርዳኖስ የሚጠልቅ ተሳላሚ በረከት ይቀበላል እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅም፤ ጥምቀት አንዲት ናትና። የሕፃናቱም ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ለሞት የሚያሰጋ ደዌ ቢያገኛቸው ግን ቀኑ አይጠበቅም፤ ወላጆችም በሌሊት እንኳ ቢሆን ካህን ከመጥራት ሊያፍሩ አይገባም።