ክርክራዊ ድርሰት፦ የተቃዋሚን ሐሳብ መዝኖ መመለስ

ክርክራዊ ድርሰት አንድን አቋም ይዞ አንባቢን በማስረጃ ለማሳመን የሚጻፍ ድርሰት ነው። እንዲህ ያለውን ድርሰት የሚጽፍ ሰው የራሱን ምክንያቶች መደርደሩ ብቻ አይበቃም። ተቃዋሚው የሚያነሣውን ብርቱ ነጥብ ሳይሸሽግና ሳያጣምም አቅርቦ መመለስ ይኖርበታል። ይህን እያሰባችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ
ፍሳሹ ወዴት ይሂድ?

ቦስተን በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ለብዙ ዘመናት የከተማይቱና የአጎራባቾቿ ፍሳሽ በሚገባ ሳይጣራ ወደ ወደቡ ይለቀቅ ነበር። ከማጣሪያ ጣቢያዎች የሚወጣው ዝቃጭም እዚያው ይደፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በወደቡ ዳርቻ የምትገኘው የኩዊንሲ ከተማ ክስ መሠረተች። በ1985 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕግ መጣሱን አረጋገጠ፤ ከዚያም የማስተካከያው ሥራ የሚፈጸምበትን የጊዜ ሰሌዳ ወሰነ።

ዕቅዱ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ነበሩት። የመጀመሪያው ዝቃጩን ወደ ባሕር መድፋት ማቆም ሲሆን፣ ይህ በ1991 ተፈጸመ፤ ዝቃጩም እየደረቀ ማዳበሪያ እንዲሆን ተደረገ። ሁለተኛው በዲር አይላንድ አዲስ የማጣሪያ ጣቢያ መሥራት ነበር። በዚህ ጣቢያ ፍሳሹ በመጀመሪያ በገንዳ ውስጥ ረግቶ ከባዱ ነገር ይዘቅጣል፤ ቀጥሎም በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በውሃው የቀረውን ቆሻሻ ይመገቡታል። ሦስተኛው የተጣራውን ውሃ ከወደቡ አውጥቶ ወደ ማሳቹሴትስ ባሕረ ሰላጤ የሚያደርስ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ከባሕሩ ወለል ሥር በዐለት ውስጥ መቆፈር ነበር። በዋሻው መጨረሻ ውሃው በ55 ቱቦዎች ተከፋፍሎ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ባሕር ውስጥ ይወጣል። በአንድ ቦታ ሳይሆን ተበትኖ ስለሚወጣም ከባሕሩ ውሃ ጋር በፍጥነት ይደባለቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ሦስተኛው ክፍል ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ከባሕረ ሰላጤው በስተደቡብ በሚገኘው በኬፕ ኮድ የሚኖሩ ሰዎች፣ ቦስተን ወደቧን ለማጽዳት ስትል ቆሻሻዋን ወደ እነሱ ባሕር እንዳትገፋ ሠጉ። ፍሳሹ የያዘው ናይትሮጅን አልጌን ከልክ በላይ አብዝቶ ዓሣዎችንና ቁጥራቸው እጅግ የተመናመነ ዓሣ ነባሪዎችን እንዳይጎዳ ፈሩ።

ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ምክንያቱም ይህ የማጣራት ዘዴ ናይትሮጅኑን በአብዛኛው አያስወግድም። ስለዚህ የዕቅዱ ባለቤቶች ሥጋቱን በቃል በማስተባበል ብቻ አላለፉትም። ዋሻው ከመከፈቱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ የባሕሩ ሁኔታ ተለካ። የማስጠንቀቂያ ልኮች ተወሰኑ፤ ልኩ ቢታለፍ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ተጻፈ።

ሥራው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ሲሆን፣ አብዛኛውን ወጪ የሸፈኑት የውሃ ተጠቃሚዎች ናቸው። የሰው ሕይወትም ጠይቋል፤ በ1999 በዋሻው ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት ጠላቂዎች ሁለቱ፣ መተንፈሻ መሣሪያቸው በቂ ኦክሲጅን ባለመስጠቱ ሞቱ። ዋሻው በ2000 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ልኬቶች የወደቡ ውሃ በእጅጉ መሻሻሉን፣ በባሕረ ሰላጤውም የተፈራው ሰፊ ጉዳት አለመድረሱን አሳይተዋል።

ለ. ማብራሪያ

«ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ጸሐፊው ከመመለሱ በፊት የተቃዋሚዎቹን እውነት ተቀብሏል። ይህ ክርክሩን አያደክመውም፤ እንዲያውም አንባቢው መልሱን እንዲያምን ያደርጋል።

አያያዥ ቃላቱንም ተመልከቱ። «ይሁን እንጂ» ተቃራኒ ሐሳብን፣ «ምክንያቱም» መንሥኤን፣ «ስለዚህ» ውጤትን ያስከትላሉ። «ስለዚህ የዕቅዱ ባለቤቶች» በሚለው ቦታ «ይሁን እንጂ» ቢገባ፣ ልኬቱ ከሥጋቱ የመነጨ መሆኑ ይጠፋል።

ሐ. መልመጃ

1. የኬፕ ኮድ ነዋሪዎችን ሥጋት በራሳችሁ አነጋገር በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

2. ለሥጋቱ ከተሰጡት መልሶች ይበልጥ አሳማኝ የሚመስላችሁ የትኛው ነው? ለምን?

3. «ሥራው ብዙ ገንዘብ ፈጀ። ወደቡ ግን ጸዳ።» እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች «ምንም እንኳ» በሚለው አያይዟቸው።

4. ከወንዝ ላይኛው ክፍል የሚለቀቅ ፍሳሽ በታችኛው ክፍል የሚኖሩትን ይነካል። ፍሳሹን የማጣራቱን ወጪ ማን ሊከፍል ይገባል? አቋማችሁን በሦስት አንቀጾች ጻፉ። በመጀመሪያው አቋማችሁን፣ በሁለተኛው የተቃዋሚያችሁን ሐሳብ፣ በሦስተኛው መልሳችሁን አስፍሩ። ሁለተኛውን አንቀጽ ተቃዋሚያችሁ ቢያነበው «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ በትክክል ጻፉት።