ለሕፃናት የገናን ፊልም ስለ መምረጥ

ወላጆች ሆይ፥ የልደት በዓል በቀረበ ጊዜ ስለ ልጆቻችን ልብስና ስለ ዳቦው እናስባለን፤ በዓይናቸው ስለሚገባው ነገር ግን ብዙ ጊዜ አናስብም። ሕፃን ያየውን ይመስላል። በአፉ የሚገባውን የምንመረምር ከሆንን፥ በዓይኑ የሚገባውንስ ልንመረምር አይገባንምን?

ዛሬ በሞላሌም ሆነ በአዲስ አበባ፥ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚንቀሳቀስ ሥዕል፥ ይኸውም አኒሜሽን የሚባለው፥ ለሕፃናት ይታያል። ስለ ገና ከተሠሩት ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። በእነርሱም ውስጥ ጢሙ የነጣ ሽማግሌ በሌሊት በሰማይ እየበረረ ደግ ለሆኑ ልጆች ስጦታ ያድላል። ይህ ለባለጸጋ ልጅ ጨዋታ ነው። ነገር ግን በመንዝ ውርጭ በግ ሲጠብቅ የሚውል የድኻ ልጅ ይህን አይቶ፥ በነጋም ጊዜ ስጦታ ባያገኝ፥ በልቡ ምን ይላል? «ክፉ ልጅ ብሆን ነው የተረሳሁት» ይላል። ስጦታው የቀረው ግን አባቱ ገንዘብ ስላጣ ነው እንጂ ልጁ ስለ ከፋ አይደለም። እንግዲህ ልብን ያሞቃል የተባለው ፊልም የአንዱን ልጅ ልብ ያቀዘቅዛል።

ስለዚህ ፊልሙን አስቀድመን ብቻችንን እስከ ፍጻሜው እንየው፤ ሦስት ነገርም እንመርምር። ዘመናቱን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን።

1ኛ፤ የተናቀውን እንዴት ያሳያል? በ1964 በአሻንጉሊት የተሠራው የሩዶልፍ ታሪክ፥ አፍንጫው ቀይ በመሆኑ ባልንጀሮቹ ያፌዙበትን አጋዘን ያሳያል። በዐውሎ ነፋስ ሌሊት ያው አፍንጫ መንገድ ስላበራ ይከበራል። ታሪኩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁን፥ «አፍንጫው ባያበራስ ኖሮ ሊወዱት አይገባም ነበርን?» ብለን እንጠይቀው።

2ኛ፤ የበዓሉን ሥር ያሳያልን? በ1965 የታየው፥ ቻርልስ ሹልዝ የጻፈው የቻርሊ ብራውን ገና 25 ደቂቃ ያህል ነው። ቻርሊ ብራውን በዓሉ ንግድ መሆኑ አሳዝኖት ትርጕሙን ሲጠይቅ፥ ባልንጀራው ላይነስ በሉቃስ ወንጌል 2ኛ ምዕራፍ ያለውን የእረኞቹን ታሪክ ይነግረዋል። ማንም ያልፈለጋትን ትንሽ ዛፍም ልጆቹ ተባብረው ያስጌጧታል። የሞላሌ ልጅ አጋዘንን ባያውቅ፥ በብርድ መንጋ መጠበቅን ግን ከፊልሙ ሠሪዎች ይልቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ታሪኩ የራሱ ይሆንለታል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነውና ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ ይተርጕምለት።

3ኛ፤ ለዕድሜው ይስማማልን? በሩዶልፍ ታሪክ ውስጥ ያለው የበረዶ አውሬ ታናናሾቹን ሊያስፈራ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው ምክር፥ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት እንዳይቀመጥ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ፥ ቢያንስም የተሻለ መሆኑን ተናግሯል። በቋንቋችን የተሠራ ሲገኝ ያን እናስቀድም። በ2005 የተጀመረው፥ ቀጭኔዋ ፀሐይ የምትታይበት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፥ ለሕፃን በአማርኛ በለዘበ ቃል መናገር እንዲቻል አሳይቷል።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጁ ወዴት ይሄዳል? የገና ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ ቢወጣ፥ ብቻውን የቆመውንም ልጅ ወደ ጨዋታው ቢጠራ፥ ከዳቦውም ቈርሶ ለጎረቤት ቢወስድ፥ ምርጫችን መልካም ነበር። ሌላ ፊልም ብቻ እየለመነ ቢያለቅስ ግን፥ ልጁን ከመቈጣት በፊት ምርጫችንን እንመርምር።

ጥያቄ።
1. ልጅህ ባለፈው በዓል ያየውን ፊልም አንተ አስቀድመህ አይተኸው ነበርን?
2. ስጦታ ያላገኘ ልጅ ያን ፊልም ቢያይ ስለ ራሱ ምን ያስባል?
3. ፊልሙን ካየ በኋላ ልጅህ ለማን መልካም አደረገ?