ጃፓን ከመስኮብ ጋራ ከመዋጋቷ በፊት የጦር መርከቦቿን እንዴት እንዳዘጋጀች

ተማሪዎች ሆይ፤ በጉዱማሌ በኩል ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው የዓሣ አጥማጆች ጀልባ በውሃው ላይ ሲሄድ ያያል። እንጨት መንሳፈፉ አያስደንቅም፤ ከብረት የተሠራ፥ መድፍና ብዙ መቶ ሰው የተሸከመ መርከብ ግን እንዴት ሳይሰጥም ይቀራል? ባዶ የብረት ድስት በውሃ ላይ ብታስቀምጡት ይንሳፈፋል፤ ያንኑ ድስት ቀጥቅጣችሁ ድብልብል ብታደርጉት ይሰጥማል። ውስጡ ክፍት የሆነ ዕቃ ከራሱ ክብደት ጋራ የሚተካከል ውሃ ገፍቶ ቦታውን ስለሚይዝ ነው። ብልኀቱ ይህን ያህል አጭር ነው፤ ጃፓኖች ግን ታላቁን የጦር መርከብ በገዛ እጃቸው መሥራት እስኪጀምሩ ድረስ ዐርባ ዓመት ፈጀባቸው።

ዘመኑን በእኛ አቈጣጠር እንቈጥራለን። በ1858 ዓ.ም. ጃፓኖች ዮኮሱካ በምትባል የባሕር ዳር መንደር፥ ቬርኒ የሚባል የፈረንሳይ መሐንዲስ ቀጥረው፥ የብረትና የመርከብ መሥሪያ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችንና መሣሪያ ያመጣላቸው ዘንድ ፍላድ የሚባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋትም የአውሮፓ ሠራተኞች ከአገራችን ሰዎች ጋራ ሆነው ለንጉሡ መድፍ ይሠሩ ነበር። የተጠየቁት ጠቢባን እስከ ምጽዋ ድረስ መጡ፤ ነገር ግን ንጉሡ ያሰሯቸው የእንግሊዝ ሰዎች ስላልተፈቱ ወደ ደጋው ሳይወጡ ተመለሱ። ሁለት ነገሥታት በአንድ ዓመት አንድ ነገር መፈለጋቸውን ሳስብ ልቤ ያዝናል።

በ1860 ዓ.ም. በጃፓን የቀድሞው መስፍናዊ መንግሥት ወድቆ የሜይጂ መንግሥት ቆመ። አዲሶቹ ሹማምንት ያባረሩት መንግሥት የጀመረውን ሥራ አላፈረሱም፤ ዮኮሱካን ከነመሐንዲሱ ተረክበው አስፋፉት። በዚያው ዓመት በሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ፤ የጋፋትን ሥራ ተረክቦ ያስቀጠለ ግን አልተገኘም።

ጃፓኖች ከዚህ በኋላ ወጣቶቻቸውን ወደ ውጭ አገር ሰደዱ። ኋላ የጦር መርከቦች አዛዥ የሆነው ቶጎ ሄይሃቺሮ በእንግሊዝ አገር ሰባት ዓመት ያህል የባሕር ትምህርት ተማረ። በ1885 ዓ.ም. የሕዝቡ ምክር ቤት ለመርከብ የተጠየቀውን ገንዘብ ስለ ከለከለ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ወጪ ቀንሰው ለስድስት ዓመት በየዓመቱ 300,000 የን እንደሚሰጡ አስታወቁ፤ የመንግሥት ሠራተኞችም ከደመወዛቸው ዐሥረኛውን እንዲያዋጡ አዘዙ። የደመወዝ ዐሥረኛ መቀነሱ ለአንድ ጸሐፊ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገር ይታወቃል።

በ1887 ዓ.ም. ጃፓን ቻይናን ድል አድርጋ የያዘችውን የሊያኦዶንግን ምድር መስኮብ፥ ጀርመንና ፈረንሳይ ተባብረው አስለቀቋት። ጃፓኖችም ቂማቸውን በልባቸው ይዘው፥ እኛ በዐድዋ ድል ባደረግንበት በ1888 ዓ.ም. ታላቁን የመርከብ ሥራ ዕቅድ አጸደቁ። ከቻይና ከተቀበሉት የካሣ ገንዘብ ከፊሉ ለዚህ ዋለ፤ በሕዝቡም ላይ የመሬትና የመጠጥ ግብር ተጨመረበት። ስድስት ታላላቅ የጦር መርከቦች ተዘጋጁ፤ ስማቸውም ፉጂ፥ ያሺማ፥ ሺኪሺማ፥ ሃትሱሴ፥ አሳሂና ሚካሳ ነው። ስድስቱም የተሠሩት በብሪታንያ ነው። ሌሎች ብረት ለበስ ስድስት ፈጣን መርከቦችም አራቱ ከብሪታንያ፥ አንዱ ከፈረንሳይ፥ አንዱ ከጀርመን መጡ። በ1894 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው ሚካሳ ክብደቱ ከ15,000 ቶን በላይ ነበረ።

ታላላቁ ሁሉ ከባዕድ አገር መገዛቱ በቅኔ ቤት ያደገውን ሰው አያስደንቀውም። ተማሪ አስቀድሞ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ የራሱን የሚዘርፈው ቈይቶ ነው።

ጦርነቱ በ1896 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሃትሱሴና ያሺማ በአንድ ቀን በባሕር ውስጥ በተቀበረ ፈንጂ ጠፉ፤ ብዙ ዓመት የተደከመበት ሲሶ በአንድ ቀን ሄደ ማለት ነው። በቀሩት አራትና በሌሎቹ መርከቦች ቶጎ ግንቦት 19 እና 20 ቀን 1897 ዓ.ም. በሱሺማ ባሕር ከአውሮፓ የመጣውን የመስኮብ የጦር መርከብ ሠራዊት ደመሰሰ። በዚያው በግንቦት ወር ሳትሱማ የሚባለው ታላቅ የጦር መርከብ በዮኮሱካ፥ በራሳቸው በጃፓኖች እጅ፥ መሠራት ጀምሮ በ1899 ዓ.ም. ወደ ባሕር ወረደ።

ይህ ወሬ በአገራችንም ተሰማ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን ምሳሌ ተከትሎ ተጻፈ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ ጻፉ። ነገር ግን ያቺው የምናደንቃት ጃፓን በ1929 ዓ.ም. የጣልያንን ወረራ እንደ ሕጋዊ ግዛት ተቀበለች። በ1930 ዓ.ም. በኩሬ ወደብ የጀመረችውም ያማቶ የተባለ መርከብ ከሚካሳ አራት እጥፍ ይበልጥ ነበረ፤ መጋቢት 29 ቀን 1937 ዓ.ም. ከአየር በተጣለ ቦምብና ቶርፔዶ ሰጠመ፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ መርከበኞችም አብረውት አለቁ።

ሚካሳ ዛሬ በዮኮሱካ ለተመልካች ቆሞ ይታያል። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም ሠራዊቱ ገደል ለገደል ጎትቶ ካደረሰው ከመቅደላ አምባ ላይ አልወረደም።